የጓሮ ዛፍ፣ ጉድጓድና ቀፎ ሰው ቢጎዳ የቤት ኢንሹራንስ ይከፍላል?

ጣና ዳር (ጠያቂ)

እንዴት ከረማችሁ ወገኖች። ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ቤቴ የባንክ ብድር ስላለበት የእሳትና የመብረቅ ኢንሹራንሱ በየዓመቱ ይታደሳል። ጥያቄዬ ግን ስለ ቤቱ አይደለም፤ ስለ ጓሮው ነው።

ጓሮዋ ትንሽ ናት፤ የሌለባት ነገር ግን የለም። ግማሽ ቅርንጫፉ ጎረቤቴ ቆርቆሮ ላይ የተኛ ትልቅ ማንጎ አለ። የቧንቧ ውኃ ሲጠፋ የምንቀዳበት በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። ጌሾ፣ ጎመን፣ ቃሪያ፣ የንብ ቀፎዎች፣ አንድ ውሻ። ግቢው ውስጥ ተከራዮች ከነልጆቻቸው ይኖራሉ። ማንጎ ሲደርስ ደግሞ የሰፈር ልጅ አጥር ዘሎ ይገባል፤ ይቺን የባሕር ዳር ሰው ያውቃታል።

ሰሞኑን እዚሁ ሰፈር አንድ የቀን ሠራተኛ ቅርንጫፍ ሊቆርጥ ዛፍ ላይ ወጥቶ ወደቀና እግሩ ተሰበረ። ባለቤቱ ጡረተኛ ናቸው። እስካሁን የሚያሳክሙት ከኪሳቸው ነው። ቤታቸው ኢንሹራንስ አለው፤ ድርጅቱ ግን «ይሄ እኛን አይመለከትም» አላቸው። እንዴት ነው ነገሩ? ጓሮው የቤቱ አካል አይደለም እንዴ?

ማርቆሴው

ኧረ በደንብ ይመለከታቸዋል! አረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያውን) ሲቀበሉ ግቢው በሙሉ፣ ካሳ ሲመጣ ግድግዳው ብቻ። ይክሰሷቸው።

የመድን ሰው

ማርቆሴው፣ ንዴትህ ይገባኛል፤ ግን ቢከሱ አያሸንፉም። ኢንሹራንስ ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሠራሁ ይሄ ጥያቄ አዲስ አይሆንብኝም።

የእሳትና መብረቅ ፖሊሲ፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውሉ፣ የሚያወራው ቤትህ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት ነው። ቤትህ ወይም ጓሮህ ሌላ ሰው ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት አያወራም። እሱ ሌላ ዋስትና ነው፤ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ወይም የሕዝብ ኃላፊነት ይባላል። በመኪና ሁላችንም እናውቀዋለን። አዋጅ ስለሚያስገድድ ያለ ሦስተኛ ወገን መኪና መንገድ ላይ አይወጣም። ቤት ላይ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። ባንኩም የሚያስበው ለብድሩ ነው። ቤቱ ቢቃጠል ገንዘቡ አብሮ እንዳይቃጠል «እሳት አስገባ» ይልሃል። የማንጎህ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ሰው ላይ ቢወድቅ መያዣው ምንም አይሆንም። ስለዚህ አይጠይቅህም።

ጣና ዳር፣ ፖሊሲህን አውጣና «ኃላፊነት» የሚል ክፍል ካለው እይ። ከሌለው፣ በተጨማሪ ሽፋን እንዲገባልህ በጽሑፍ ጠይቅ። ቤትን፣ የቤት ዕቃንና የሦስተኛ ወገን ኃላፊነትን በአንድ ላይ የሚይዝ ጥቅል የሚሸጡም አሉ። ስትገዛ የክፍያውን ጣሪያ ተመልከት። ከጣሪያው በላይ ያለው ካሳ ያንተው ነው።

ስለ ቀን ሠራተኛው ደግሞ፣ ጡረተኛው የኃላፊነት ዋስትና ቢኖራቸውም ላይከፈላቸው ይችል ነበር። የሕዝብ ኃላፊነት ፖሊሲ በተለምዶ የሚሸፍነው የውጭ ሰውን ነው፤ የራስህን ሠራተኛ አይጨምርም። ለሠራተኛ የሠራተኞች ጉዳት ካሳ የሚባል ዋስትና ለብቻው አለ።

እናት ዘቡሬ

እኔ እምለው፣ እንዲህ ከሆነ ጎመኔንም ልንቀለው? አሁን በርበሬዬ ማንን ይጎዳል?

የመድን ሰው

እትዬ፣ በርበሬው እንኳን አይታማም። የረጩበት መድኃኒት ግን ይታማል። ማላታዮኑ በውኃ ላስቲክ ተቀድቶ መስኮት ሥር ከተቀመጠ ልጅ ይጠጣዋል። ያ ከሆነ ማንም ፍርድ ቤት «ጓሮ ነው» ብሎ አያልፍዎትም።

ፍኖተ ሰላም ጠበቃ

የሕጉን ነገር እኔ ልበል። ሰው «ኢንሹራንስ ከሌለኝ ዕዳም የለብኝም» ብሎ ያስባል። ዕዳው የሚመጣው ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። የ1952ቱ ሕግ ዛሬም የሚሠራበት ነው።

መነሻው ጥፋት ነው፤ ቁጥር 2028። በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይክሳል። ክዳን የሌለው ጉድጓድ፣ ደርቆ የቆመ ባሕር ዛፍ፣ በዚህ ይገባሉ። «ማየት ነበረበት፣ ማስተካከል ነበረበት፣ አላደረገም» ከተባለ አለቀ።

ቀጥሎ ያለ ጥፋት የሚመጣ ኃላፊነት አለ፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው። በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ሳያስበው አምልጦ ቢሆን እንኳ ይጠየቃል። ውሻህ እዚህ አለ። በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ ጉዳቱ የማይገመት ቢሆንም። ግንብ አጥር ሕንፃ ነው ተብሎ ሲቀርብ ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ያዘነበለ አጥር ካለህ ክረምት ሳይገባ ጠግነው። ተከራዮችንም የሚነካ አለ። በቁጥር 2080 ከሕንፃ ለወደቀ ነገር የሚጠየቀው ሕንፃውን ይዞ የሚኖርበት ሰው ነው። ፎቅ ላይ በቆርቆሮና በባልዲ አበባ የምትተክሉ፣ ባልዲው ሰው ላይ ከወረደ ጥያቄው መጀመሪያ ወደ እናንተ ይመጣል፤ ወደ አከራዩ አይደለም።

መሬት የሚደለድሉ ደግሞ ቁጥር 2069ን ያንብቡ። የመሬትን ተፈጥሯዊ አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው ይጠየቃል ይላል። ደብረ ማርቆስ ተዳፋት ላይ ለአትክልት ብላችሁ እርከን ስትሠሩ፣ ጎርፉ ወደ ታችኛው ጎረቤት ቤት ከዞረ ይሄ ሊነሳ ይችላል።

መከላከያም አለ። ጥፋቱ የራሱ የተጎጂው ከሆነ፣ እንደ ጥፋቱ መጠን ካሳው ይቀነሳል ወይም ጭራሽ ይቀራል። አጥር ዘሎ የገባ ጎልማሳና አጥር ዘሎ የገባ የሰባት ዓመት ልጅ ግን በዳኛ ፊት እኩል አይታዩም። ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ ቁጥር 2143።

ማርቆሴው

እሺ ጠበቃ፣ ያ ቀን ሠራተኛስ? ራሱ ነው የወጣው እኮ። ማን ገፋው?

ፍኖተ ሰላም ጠበቃ

ማን ገፋው ሳይሆን ማን አዘዘው ነው ጥያቄው። ራሱን ችሎ፣ በራሱ መሣሪያ፣ «ይቺን ዛፍ በዚህ ዋጋ እጥላለሁ» ብሎ ተዋውሎ ከሆነ አደጋው በአብዛኛው የራሱ ነው። በቀን ሒሳብ ቀጥረኸው፣ መጥረቢያውን ሰጥተኸው፣ «ያቺን ጫፍ ላይ ያለችዋን» እያልክ ከሥር ያዘዝከው ከሆነ ግን አሠሪ ነህ ለማለት በር ይከፈታል። የጡረተኛውን ጉዳይ ሳልመረምር አልፈርድም።

ዳንግላ ንብ

ቀፎ የጠቀስክ ወንድሜ፣ ከተማ ውስጥ ቀፎ ስትይዝ አቅጣጫው ዋና ነገር ነው። የቀፎው አፍ ወደ መተላለፊያ ወይም ወደ ጎረቤት በር አይዙር። ፊት ለፊቱ ጌሾ ወይም ረዘም ያለ አጥር ካለ ንቧ ሽቅብ ተነስታ ነው የምትሄደው፤ ከሰው ራስ በላይ ታልፋለች። ማር የሚቆረጠው ሲመሽ ነው፣ ጎረቤት አስቀድሞ ተነግሮት፣ በግና ፍየል ከአካባቢው ተፈቶ። የታሰረ እንስሳ መሸሻ ስለሌለው ነው ንብ የሚጨርሰው። እዚህ አካባቢ ከሰው ይልቅ በበግ የተጣላ ጎረቤት ይበዛል።

ጠበቃ፣ ንብ በ2071 «እንስሳ» ትባላለች?

ፍኖተ ሰላም ጠበቃ

ቀፎው ያንተ ከሆነ ንቧም ያንተ ናት ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። እኔ የተጎጂው ጠበቃ ብሆን እንደዚያ ነው የምለው።

የደጀን ልጅ ከሜሪላንድ

እዚህ አሜሪካ ያለውን ላካፍላችሁ፤ ለማነጻጸር ያህል። እዚህ የቤት ኢንሹራንስ ጥቅል ነው። የኃላፊነት ሽፋኑ ከውስጡ አብሮ ይመጣል፤ የተለመደው መነሻ 100,000 ዶላር ነው። ብዙ ሰው ወደ 300,000 ያሳድገዋል። ሀብት ያለው ደግሞ ከላይ የሚደረብ ከ1 ሚሊዮን ዶላር የሚጀምር ሌላ ፖሊሲ ይገዛል። ለእንግዳ ሕክምና የሚውል ትንሽ ገንዘብም አለው፣ ከ1,000 እስከ 5,000 ዶላር አካባቢ። እሱ ጥፋት ኖረም አልኖረም ይከፈላል። ጎረቤትህ ጓሮህ ውስጥ የውኃ ጎማ ጠልፏት ብትወድቅ ሳትካሰሱ ትታከማለች።

የዛፍ ነገር ግን ብዙ አበሻ ያስገርመዋል። ጤነኛ ዛፍህን ነፋስ ገንድሶ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ቢጥለው፣ በአብዛኛው የሚከፍለው የጎረቤትህ ኢንሹራንስ ነው፤ ያንተ አይደለም። ዛፉ ደርቆ ወይም በስብሶ ከነበረና ጎረቤትህ በደብዳቤ አስጠንቅቆህ ከነበረ ግን ወዳንተ ይዞራል። ስለዚህ እዚህ ሰው ስለ ዛፍ በቃል አያወራም፤ በአደራ ደብዳቤ ይጽፋል።

ለአትክልቱ ለራሱ የሚከፈለው ትንሽ ነው። በተለመደው ፖሊሲ ለአንድ ዛፍ ወይም ተክል ከ500 ዶላር አይበልጥም፤ ጠቅላላውም ከቤቱ ዋስትና 5 በመቶ አያልፍም። እሳት፣ መብረቅ፣ ሌብነት ይሸፈናሉ። ነፋስ ግን የለበትም። አቮካዶህን ነፋስ ቢነቅለው አልቅሰህ ትተክላለህ።

ከጓሮህ መሸጥ ከጀመርክ ደግሞ ንግድ ነው ይሉሃል። የቤት ፖሊሲ ንግድን አይሸፍንም።

ማርቆሴው

የመጨረሻዋ እዚህም ትሠራለች? ጎረቤቴ ጓሮው ውስጥ የአቮካዶ ችግኝ እያፈላ ይሸጣል። ገዢ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል።

የመድን ሰው

ትሠራለች። ስትዋዋል «መኖሪያ ቤት» ብለህ ከጻፍክ በኋላ ግቢው ችግኝ ጣቢያ፣ ዶሮ እርባታ ወይም ጠላ ቤት ከሆነ ማሳወቅ አለብህ። የኢንሹራንስ ውል የሚቆመው በተናገርከው ላይ ነው። የእሳቱም ፖሊሲ ሊናጋብህ ይችላል። ከቤቱ ጀርባ የድርቆሽ ክምር፣ ከግድግዳው ጋር የተጠጋ የሣር ክዳን ማድ ቤት፣ በማዳበሪያ የተሞላ ከሰል፤ ገማች ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እነዚህን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በዚህ ዘመን ስለሚጠየቅ። ጦርነትና ሁከት ከመደበኛው የእሳት ፖሊሲ ውጭ ናቸው። ለብቻው ካልተገዛ አይከፈልም።

አያ ሽምግልና

ሁላችሁም ስለ ፖሊሲ ታወራላችሁ። እኔ የሞጣ ሰው ነኝ፣ በሽምግልና ብዙ ተቀምጫለሁ። እኛ ዘንድ ሰው ግቢህ ውስጥ ሲጎዳ መጀመሪያ ተሸክመኸው ሐኪም ቤት ትሮጣለህ። ቀጥለህ ሽማግሌ ትልካለህ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ማሩኝ» ትላለህ። ድንጋይ ተሸክሞ የሚገባም አለ። ከዚያ ይታረቃሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። ልጄ ከኢንሹራንስ ያመጣው ወረቀት ላይ ግን «ኃላፊነትን አትመን፣ ገንዘብ ለመክፈል ቃል አትግባ» የሚል አነበብኩ። ይሄ ምን ማለት ነው? ጎረቤቴ እግሩ ተሰብሮ ዝም ልበለው? ነገ ለቅሶ ላይ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?

የመድን ሰው

አያ፣ ከተባለው ሁሉ ትልቁን ነገር አነሱ። እዚህ ላይ ነው የእኛ ሰው ከነፖሊሲው ባዶ እጁን የሚቀረው።

ድርጅቱ «አትመን» የሚለው ዝም ብሎ ክፋት አይደለም። ገንዘቡን የሚከፍለው እሱ ስለሆነ፣ ባልነበረበት ሸንጎ የተቆረጠ ካሳ እንዳይጫንበት ነው። ግን ማንም «አታሳክም» አይልም። የወደቀውን ማንሳት፣ አምቡላንስ መጥራት፣ መድኃኒት መግዛት፣ ሄዶ «እግዚአብሔር ይማርህ» ማለት ማመን አይደለም። «ከማንጎው ላይ ወድቋል፣ ቅርንጫፉ ተሰብሮ ነበር» ብሎ የሆነውን መናገርም ችግር የለውም። ጣጣው ያለው «በእኔ ጥፋት ነው፣ ይህን ያህል ሺህ እከፍላለሁ» ተብሎ ተጽፎ ሲፈረም ነው።

ስለዚህ ሽማግሌ ከመቀመጡ በፊት ለድርጅቱ ይነገር፤ ስልክ ተደውሎ፣ ደብዳቤም ገብቶ። ፎቶ ይነሳ፣ የሐኪም ወረቀት ይቀመጥ። ከዚያ ሽማግሌ ቢቀመጥ ተወካያቸው ይምጣ ወይም በጽሑፍ ይስማሙ። ተስማምተው በሽምግልና የጨረሱ ድርጅቶች አይቻለሁ። ክስ እነሱም አይወዱም።

ፍኖተ ሰላም ጠበቃ

በዚህ ላይ አያ ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ። በጽሑፍ የተደረገ ዕርቅ ቀልድ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ 200,000 ብር ልክፈል ብሎ ከፈረመ በፊርማው ታስሯል። ኢንሹራንሱ ግን አልፈረመም፤ አልታሰረም። ሰውዬው መሀል ላይ ይቀራል።

ለጊዜው መርዳት ከፈለጋችሁ ወረቀቱ ላይ «ለሕክምና እርዳታ የተሰጠ፣ የኃላፊነቱ ጉዳይ ገና የሚታይ» ብላችሁ ጻፉ። ተጎጂው ተረድቷል፣ እናንተም በሩን አልዘጋችሁም።

የገንዘቡን ልክ በተመለከተ ደግሞ፣ ሕጉ ለሕሊና ጉዳት (ለሐዘንና ለስቃይ) የሚያስከፍለው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። አዎ፣ አንድ ሺህ፤ በ1952 የተጻፈ ነው፣ እንደዚያው አለ። ሽማግሌ የሚቆርጠው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ፍርድ ቤት ውስጥ ሰው የሚያከስረው የሕክምናው ወጪና ተጎጂው ያጣው ገቢ ነው። ወጣት ሠራተኛ አካሉ ከጎደለ፣ የሚታሰበው ወደፊት ያጣው ነው።

አያ ሽምግልና

እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ድርጅቱ እስኪመጣ ስንት ቀን? ተጎጂው ቤተሰብ ቀን ይቆጥራል። «ኢንሹራንስ እስኪያይ ጠብቁ» ብትለው «ንቆኛል» ይልሃል። ንቀት ደግሞ ከስብራቱ ይብሳል። እኔ ብሆን ለድርጅቱ ደውዬ፣ በዚያው ቀን ማታ ሽማግሌ እልካለሁ። ለይቅርታው ሄዳችሁ የገንዘቡን ነገር ብታቆዩት ሽማግሌ ይረዳችኋል። ሽማግሌ ሞኝ አይደለም።

የመድን ሰው

በዚህ አልከራከርዎትም አያ። የሚዘገዩ አሉ።

ግንበኛው

ስለ ጉድጓድ ማንም አልተናገረም፣ ከሁሉ የሚገድል እሱ ነው። አፉ ከመሬት ከፍ ብሎ በኮንክሪት ይገንባ፣ ቢያንስ ወገብ ድረስ። ክዳኑ ልጅ የማያነሳው ይሁን፣ በቁልፍ። ቆርቆሮ ጣል ማድረግ ክዳን አይደለም፤ እንዲያውም ይብሳል፣ ልጅ ይቆምበታል። በአፈር ብቻ የቆመ አፍ ክረምት ላይ ይናዳል።

ደግሞም፣ ይሄን ሁሉም ይስማ፦ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ቢወድቅ ወይም ሲጠርግ ቢዝል፣ ተከትላችሁ አትግቡ። ታች አየር ላይኖር ይችላል። በተለይ የውኃ ሞተር ወደ ታች ወርዶ ከሠራበት ጭሱ ይገድላል። አንዱን ሊያወጣ የገባ ሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ሊያወጣ የገባ ሦስተኛው ይቀራል። ገመድ ወርውሩ፣ እርዳታ ጥሩ።

እናት ዘቡሬ

አቤት አምላኬ! ነገ ሠራተኛ ልጠራ ነው ለክዳኑ።

ማርቆሴው

እትዬ፣ ሠራተኛው እንዳይገባበት ብቻ።

ጣና ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፖሊሲዬን አየሁት፤ ኃላፊነት የሚል ነገር የለበትም። ተጠቃሚ ተብሎ በመጀመሪያ የተጻፈውም ባንኩ ነው። ወደ ድርጅቱ ሄጄ ነበር። የኃላፊነት ሽፋን መጨመር ይቻላል ብለዋል፤ ግን መጀመሪያ ሰው ልከው ግቢውን ማየት ይፈልጋሉ። ጉድጓዱ ክዳን እንዲኖረው፣ ጎረቤት ጣሪያ ላይ የተኛው ቅርንጫፍ እንዲነሳ ጠይቀዋል። ቅርንጫፉን የሚያነሳው ሰው መሰላልና ገመድ ያለው፣ በጥቅል ዋጋ የሚዋዋል ነው፤ ውሉን በወረቀት እናደርጋለን። ለጎረቤቴም ነግሬዋለሁ፤ ቆርቆሮው ቢጎዳ እንደማላስቸግረው። እሱ የጠየቀኝ ስለ ቆርቆሮው አይደለም፣ ማንጎው የማን ነው ብሎ ነው።

ዳንግላ ንብ

ቀፎዎቹስ? ምን አሉህ?

ጣና ዳር

በቅጹ ላይ ጽፌያቸዋለሁ። ልጅቷ አንብባ ቀና አለችና «ንብ?» አለችኝ። አለቃዋን ጠይቃ ልትደውል ነው፤ ገና አልደወለችም።

የመድን ሰው

በጽሑፍ መልሱልኝ በላት። በስልክ ያለችህ ካሳ ሲጠየቅ አይቆጠርልህም።